አሸዋ የሚያህሉ ፅንሶች፦ የ600 ሚሊዮን ዓመት ድንጋይ ስለ እንስሳት አጀማመር የሚናገረው

በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ በጉይዦ ግዛት፣ ዌንጋን በሚባል ወረዳ የፎስፌት ማዕድን ይወጣል። ይህ ግራጫ ድንጋይ ተሰባብሮ በደካማ አሲድ ሲሟሟ ከሥሩ አሸዋ የመሰለ ዝቃጭ ይቀራል። ዝቃጩ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በመካከሉ ድቡልቡል ነገሮች አሉበት። አብዛኞቹ ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙም አይበልጡም፤ ትልልቆቹ 1 ሚሊሜትር ይደርሳሉ። አንዱ ወጥ ኳስ ነው። ሌላው ለሁለት ተከፍሏል። ሦስተኛው አራት ክፋይ አለው፤ ከዚያ ስምንት፣ አሥራ ስድስት፣ ሠላሳ ሁለት እያለ ይቀጥላል። የእንቁራሪት ወይም የዓሣ እንቁላል ሲያድግ በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው ይህን ቅደም ተከተል ወዲያው ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ1998 ሹሃይ ሺያኦ፣ ዩን ዣንግና አንድሩ ኖል እነዚህ ኳሶች የእንስሳት ፅንሶች ናቸው ሲሉ ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አወጡ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የድንጋዩ ዕድሜ ወደ 600 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል፤ በቅርብ ዓመታት የወጡ ጥናቶች 609 ሚሊዮን ይሉታል። በዓይን የሚታይ መጠን ያላቸው የኤዲያካራን ዘመን (ከካምብሪያን ቀድሞ የነበረው ዘመን) ፍጥረታት መታየት የሚጀምሩት ከ574 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ስለሆነ፣ የዌንጋን ኳሶች በእርግጥ የእንስሳት ፅንሶች ከሆኑ ከወላጆቻቸው ቅሪት ቀድመው የተገኙ ልጆች ናቸው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሩብ ምዕተ ዓመት ያለፈው ክርክር «እንስሳ ናቸው ወይስ አይደሉም?» በሚለው ጥያቄ ላይ ተጠምዶ ቆይቷል። በእኛ እምነት ከኳሶቹ የሚገኘው ትልቁ ትምህርት ያለው ከዚህ ጥያቄ ጎን ነው። የፅንስ እድገት ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር የብዙ ሥራዎች ጥርቅም ነው፤ መከፋፈል፣ መጣበቅ፣ ቦታ መቀየር፣ በሥራ መለያየት ሁሉም አሉበት። ቅሪቶቹ የሚያሳዩን እነዚህ ሥራዎች በአንድ ቀን አብረው እንዳልመጡ፣ አንዳንዶቹም እንስሳ የሚባል ነገር ከመኖሩ በፊት እንደነበሩ ነው።

በመከፋፈሉ እንጀምር። አብዛኛው ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ያድጋል። የእንስሳ ፅንስ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት አያድግም፤ ያለውን አካል እያነሰ በሚሄድ መጠን ይሸነሽነዋል እንጂ። የዌንጋን ኳሶችም እንዲሁ ናቸው። 600 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ስፋት ያለው አንድ ሕዋስ አሥር ጊዜ ቢከፈል 1,024 ሕዋሳት ይወጡታል። ጠቅላላ ይዘቱ ስላልተለወጠ የእያንዳንዱ ሕዋስ ስፋት ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፤ 60 ማይክሮን ገደማ መሆኑ ነው። የኳሱ የውጭ መጠን ግን በአንድ ሕዋስም ሆነ በሺህ ሕዋስ ደረጃ ያው ነው። ተመራማሪዎቹ ኳሶቹን በአንድ የእድገት መስመር የደረደሯቸው በዋነኛነት በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ድምዳሜ ላይ ለመድረስ ኳሱን ሳይጎዱ ከድንጋዩ ማውጣት ያስፈልጋል። ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ ስህተትም የሚገባው እዚሁ ላይ ነው። ድንጋዩ በጡጫ መጠን ይሰበርና ከ5 እስከ 10 በመቶ በሆነ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም በኮምጣጤ ውስጥ ባለው አሲድ፣ ይዘፈዘፋል። አሲዱ ኳሶቹን አጣብቆ የያዘውን ካርቦኔት ያሟሟል፤ ኳሶቹ የተሠሩበትን ፎስፌት ግን ይተወዋል። ይህ የሚሆነው አሲዱ ከተገራ ብቻ ነው። ንጹሕ አሲድ በንጹሕ ውኃ ብቻ ተበጥብጦ ከገባ መጀመሪያ ላይ ኃይሉ ስለሚበረታ ፎስፌቱንም መብላት ይጀምራል። ጉዳቱ ደግሞ በዓይን አይታይም፤ ኳሱ ሳይሰበር የላይኛው ገጹ ብቻ ይሸረሸርና ጌጡ ይጠፋል። ስለዚህ ካለፈው ዙር የተረፈው፣ ካልሲየም አሲቴት ያለበት ፈሳሽ ተጣርቶ ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል፤ እሱ የአሲዱን ኃይል ያለዝበዋል። ቀጥሎ ዝቃጩ በደቃቅ ወንፊት በውኃ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ሥር በእርጥብ ቀጭን ብሩሽ ጫፍ ኳሶቹ አንድ በአንድ ይለቀማሉ። ከሺህ ፍርፋሪ መካከል ደህና ሆኖ የሚገኘው ጥቂት ነው።

ሌላው መንገድ ድንጋዩን ከነኳሶቹ መሰንጠቅና ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ፣ ወደ 30 ማይክሮን ውፍረት፣ መሞረድ ነው። ፈጣን ቢሆንም አሳሳች ነው። አራት ሕዋስ ያለው ፅንስ ሕዋሳቱ እንደ ተደራረቡ አራት ብርቱካኖች ከሆኑ፣ ሦስቱ ታች አንዱ ላይ፣ ቢላው በምን በኩል እንዳለፈ እየታየ ስንጥቁ ላይ ሦስት ወይም ሁለት ሕዋስ ብቻ ይወጣል፤ ጫፉን ከነካ ደግሞ አንድ። ከእንዲህ ዓይነት ስንጥቅ ተነሥቶ የሕዋስ ቁጥር መናገር አይቻልም።

ቬርናኒማልኩላ የተባለው ቅሪት ታሪክ ይህንን በደንብ ያሳያል። በ2004 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ከዚሁ ከዌንጋን ድንጋይ በተሞረዱ ስንጥቆች፣ ከሩብ ሚሊሜትር ያነሰ፣ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ፣ አፍና አንጀት ያለው እንስሳ ተገኘ ተባለ። በዚያው ዓመት ስቴፋን ቤንግትሰንና ግራሃም ባድ መልስ ጻፉ፦ አንጀት የተባለው ባዶ ቦታ ነው፤ የአንጀቱ ግድግዳ የተባለውም በኋላ ከውኃ እየተንጠባጠበ የተለበጠ ማዕድን ነው። በ2012 የተደረጉ ተጨማሪ ጥናቶች ይህንኑ አጸኑ። መለያው ክሪስታሉ ነው። ሥጋን የተካው ፎስፌት እጅግ ደቃቅና ቅጥ የሌለው ክሪስታል አለው። ባዶ ቦታን በኋላ የሞላው ፎስፌት ግን ተለቅ ያለ ነው፤ ክሪስታሎቹ ከግድግዳው ወደ መሀል ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭም ይደራረባሉ። እንዲህ ያለ ሽፋን ታይቶ ስለ አካል ክፍል መናገር በቧንቧ ውስጥ የተጋገረ ኖራን ቧንቧው ራሱ ነው እንደማለት ነው። ዛሬ ከዌንጋን የሚወጣ ማንኛውም ጥናት ይህን ልዩነት ቀድሞ ካላስቀመጠ ልንቀበለው አይገባም።

ሁኔታውን የለወጠው ሲንክሮትሮን ነው። እንደ ስዊዝ ላይት ሶርስ ባሉ የኤሌክትሮን ቀለበቶች የሚመነጨው ኤክስሬይ እጅግ ብርቱ ስለሆነ ኳሷን ሳይነካት ውስጧን ያነባል። ኳሷ የመርፌ ጫፍ በምታህል መያዣ ላይ ተጣብቃ ቀስ እያለች ስትዞር ከአንድ ሺህ በላይ ምስል ይነሣል፤ ኮምፒውተር ምስሎቹን አገጣጥሞ ከ1 ማይክሮን ያነሰ ነገር የሚለይ ባለ ሦስት ገጽታ አካል ይሠራል። የፊሊፕ ዶናሁና የባልደረቦቹ ቡድን በ2006 ይህን ዘዴ በፅንስ ቅሪቶች ላይ ካሳየ በኋላ፣ ተመራማሪው እያንዳንዱን ሕዋስ ለብቻው ቀለም ቀብቶ፣ አውጥቶ፣ ይዘቱን ለክቶ፣ ከጎረቤቱ ጋር የሚገናኝበትን ገጽ መቁጠር ይችላል።

ከማውጣቱም ከማንበቡም በፊት ግን አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ለስላሳ ሥጋ፣ ያውም አጥንትም ቅርፊትም የሌለው ፅንስ፣ እንዴት 600 ሚሊዮን ዓመት ቆየ? ኤሊዛቤት ራፍና ባልደረቦቿ ይህን በቤተ ሙከራ ፈትነውታል። የባሕር ጃርት ፅንስ በተለመደው የባሕር ውኃ ውስጥ ከሞተ የራሱ ኢንዛይሞች በሰዓታት ውስጥ ያፈርሱታል። ኦክስጅን በሌለበትና ኬሚስትሪው ይህን ራስን የማፍረስ ሥራ በሚያግድ ውኃ ውስጥ ከተቀመጠ ግን ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ከዚያ ባክቴሪያዎች ይሰፍሩበታል፤ ሥጋውን እየበሉ በቦታው ራሳቸው ስስ ሽፋን ሠርተው የሕዋሱን ቅርጽ ይወርሳሉ። ፎስፌት የሚያርፈው በዚህ ቅጂ ላይ ነው። በሌላ አነጋገር በእጃችን ያለው አብዛኛው ቅሪት ባክቴሪያዎች ከሥጋው ላይ የወሰዱት ቅጂ ነው።

ከዚህ ሙከራ የሚወጣው ትልቁ ቁም ነገር የትኛው የእድገት ደረጃ እንደሚተርፍ ማሳየቱ ነው። በጠንካራ የእንቁላል ሽፋን ውስጥ ያለ፣ ገና በመከፋፈል ላይ የሚገኝ ፅንስ በደንብ ይቆያል። ከሽፋኑ ወጥቶ የሚዋኝ፣ ስስና ውስጡ ባዶ የሆነ እጭ ግን ፈጥኖ ይበተናል። እንግዲህ ዌንጋን ላይ ባለ ሁለትና ባለ አራት ሕዋስ በብዛት፣ ከፍ ያለ ደረጃ ደግሞ በጣም በጥቂቱ ቢገኝ የፅንሱን ባሕርይና የመበስበስን ወንፊት መለየት ያስቸግራል። ይህን ሳይመዝን «በኋለኛው ደረጃ ያለ ፅንስ የለም፤ ስለዚህ እንስሳ አይደለም» የሚል ሁሉ ይቸኩላል።

ወደ ክርክሩ ስንመለስ፣ ከእንስሳ ውጭ ሁለት አማራጮች ቀርበዋል። በ2007 ጄክ ቤይሊና ባልደረቦቹ ኳሶቹ ቲዮማርጋሪታ ከተባለችው ግዙፍ የድኝ ባክቴሪያ ጋር ይመሳሰላሉ አሉ። ይህች ባክቴሪያ በዓይን ትታያለች፣ ሳታድግም ትከፈላለች፤ በአካሏ ውስጥ ፎስፌት ስለምታጠራቅም በዙሪያዋ የፎስፌት ድንጋይ እንዲፈጠር ታግዛለች። ሐሳቡ ብልህ ነበር፤ ግን አልቆየም። የባክቴሪያዋ አካል በአብዛኛው በፈሳሽ የተሞላ ከረጢት ነው፤ ሕይወት ያለው ክፍል ከዳር ያለ ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ስትበሰብስ ትሟሽሻለች እንጂ የዌንጋንን ድፍን ሕዋሳት የመሰለ ነገር አትተውም። ክፍፍሏም ከጥቂት ዙር አያልፍም። ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ የዌንጋን ኳሶች ጌጥ ባለው ወፍራም ሽፋን ተጠቅልለዋል። በ2007 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከሦስቱ ሸለቆዎች አካባቢ፣ 632 ሚሊዮን ዓመት በሚጠጋ ድንጋይ ውስጥ፣ እሾህ ባለው ሽፋን የታሸጉ ተመሳሳይ ተከፋፋዮች አግኝቷል። እንዲህ ዓይነት ሽፋን ክፉ ጊዜን ተኝቶ ለማሳለፍ የሚሠራ ነው፤ ባክቴሪያዋ የላትም።

ሁለተኛው አማራጭ ጠንከር ያለ ነው። በ2011 ቴሬዝ ሁልድግሬንና ባልደረቦቿ በሲንክሮትሮን አንዳንድ ኳሶች ውስጥ በእያንዳንዱ ሕዋስ አንድ አንድ ድቡልቡል ነገር አገኙ፤ ኒውክሊየስ፣ ማለትም የዘር መረጃ የሚይዘው የሕዋሱ ክፍል፣ ነው አሉ። ከዚሁ ጋር የለውዝ ቅርፊት የመሰሉ፣ እልፍ ጥቃቅን ሕዋሳት የታጨቁባቸው ቅርጾች አሳዩ። ትርጉማቸው እንዲህ ነበር፦ ይህ ፍጥረት ተከፋፍሎ ተከፋፍሎ ፅንስ አይሆንም፤ በመጨረሻ ሕዋሳቱን እንደ ዘር ይበትናቸዋል። ስለዚህ የእንስሳ ዘመድ የሆነ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ነው። የሚደግፋቸው አንድ እውነታም ነበር። የእንስሳ ፅንስ ሕዋሳት መቶዎች ሲደርሱ እንደ ጡብ ጎን ለጎን ተጣብቀው ሽፋን መሥራት ይጀምራሉ። ዌንጋን ላይ ግን ሺህ ሕዋስ ባላቸው ኳሶችም ውስጥ እንዲህ ያለ ሽፋን አልታየም።

በ2014 ሌላ ቡድን ሜጋስፌራ ከተባለው ዓይነት ከሺህ በላይ ሕዋስ ያላቸውን መርምሮ በውስጣቸው እያበጡ የሚሄዱ፣ ከተቀሩት የተለዩ የሕዋስ ክምችቶች አገኘ። ሁሉም ሕዋስ አንድ ዓይነት ሥራ እንደማይሠራ፣ ምናልባትም ለመራባት የተለዩ ሕዋሳት እንደነበሩ አመለከተ። ይህ ከተራ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት አንድ እርምጃ ይርቃል።

ካቬስፌራ የተባለው ሌላው የዌንጋን ቅሪት ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ያስደንቀናል። ዞንግጁን ዪንና ባልደረቦቹ በ2019 የዚህን ግማሽ ሚሊሜትር የሚያህል ቅሪት በርካታ ናሙናዎች በኤክስሬይ አነበቡ። መጀመሪያ ሕዋሳቱ በኳሱ ገጽ ላይ የተበታተነ መረብ ይመስላሉ። ቀጥሎ መረቡ ይጠቅጠቃል፤ ሕዋሳቱ ወደ አንድ ዋልታ ይሰበሰባሉ፣ ከፊሎቹም ከገጹ ወደ ውስጥ ይሰምጣሉ። ዛሬ በእንስሳ ፅንስ ላይ ይህን ስናይ ጋስትሩሌሽን እንለዋለን፤ የውስጥና የውጭ ሽፋን የሚለይበት፣ አንጀት የሚጀመርበት ቅጽበት ነው። ካቬስፌራ አንጀት አልነበረውም፤ አድጎ ምን እንደሚሆንም አልታየም። ሕዋሳቱ ግን ተያይዘው ቦታቸውን ይቀይሩ ነበር። አካልን የሚቀርጸው እንቅስቃሴ ከሚቀርጸው አካል ቀድሞ ኖሯል ማለት ነው።

ይህን ከሕያው ፍጥረት ጋር ማስተያየት ይቻላል። በ2017 ከሃዋይ የባሕር ደለል የተገኘችው ክሮሞስፌራ ፐርኪንሲ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ናት፤ የዘር ሐረጓ ከእንስሳት የተለየው ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በፊት ነው። በጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ የኦማያ ዱዲን ቡድን በኅዳር 2024 በኔቸር ባወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ ይህች ሕዋስ ሙሉ መጠኗ ላይ ስትደርስ እድገቷን አቁማ ልክ እንደ ፅንስ ትሸነሸናለች። ክምችቱ ለሕይወት ዑደቷ ሲሶ ያህል ሳይበተን ይቆያል፣ ቢያንስ ሁለት ዓይነት ሕዋሳትም አሉት። ከዚያ ይበተናል። ሁለት ማብራሪያ ይቻላል፦ ወይ ይህ ችሎታ ከእንስሳትም ከክሮሞስፌራም በፊት ከነበረ የጋራ አያት የመጣ ነው፤ ወይ ሁለቱ ለየብቻ አግኝተውታል። የዌንጋንን ማስረጃ ስንጨምርበት ሚዛኑ ለእኛ ወደ መጀመሪያው ያጋድላል። መከፋፈሉ ብቻውን ግን ከእንግዲህ ወዲያ የእንስሳነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ይህ በ1998 አይታወቅም ነበር።

ከኤዲያካራን ቀጥሎ በመጣው በካምብሪያን ዘመን ድንጋዮች ነገሩ ይቀላል፤ ባለቤቶቹ ይታወቃሉና። ማርኩዌሊያ በሳይቤሪያ፣ በቻይናና በሌሎችም ቦታዎች የተገኘ ፅንስ ነው። ግማሽ ሚሊሜትር በምታህል እንቁላል ውስጥ ቀለበት ቀለበት የሆነ ትል ተጠምዝዞ ተኝቷል፤ አፉ ዙሪያ እሾህ አለው፣ ጭራው ላይም እንዲሁ። ዛሬ በባሕር ጭቃ ውስጥ ከሚኖሩት ፕራያፑሊድ ከሚባሉ ትሎች ጋር ይዛመዳል። ከእንቁላሉ ሲወጣ ትንሽ ትል ሆኖ ነው። በሻንሺ ግዛት ኩዋንቹዋንፑ ከሚባለው፣ 535 ሚሊዮን ዓመት ከሚሆነው ንብርብር የሚወጣው ኦሊቮይደስም ከእንቁላል እስከ ጎልማሳ ቱቦው ድረስ በተከታታይ ይታወቃል። በእንቁላሉ ውስጥ እያለ ገጹ በከዋክብት ቅርጽ ያጌጠ ነው፤ ያው ጌጥ በቱቦው ጫፍ ላይ ይገኛል። ዘመዶቹ ጄሊፊሾች ናቸው።

ከዚሁ የኩዋንቹዋንፑ ድንጋይ የሚወጡ ቅሪቶች ስንት ጊዜ ስም እንደተለወጠላቸው ማየት ጥንቃቄን ያስተምራል። ሱዶይደስ የተባለው ፅንስ ገጹ ላይ ባለው መስመር የተነሣ እንደ ነፍሳት የተከፋፈለ አካል ያለው ይመስል ነበር፤ በ2017 ከጄሊፊሽ ወገን መሆኑ ታወቀ። ሳኮሪቱስ የተባለው 1 ሚሊሜትር የሚያህል ከረጢት በ2017 የእኛ የአከርካሪ አጥንት ያላቸው እንስሳት የሩቅ ዘመድ ተብሎ ነበር፤ ጎኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች እንደ ዓሣ መተንፈሻ ስንጥቆች ተቆጥረው። በ2022 የተሻሉ ናሙናዎች ሲነበቡ ቀዳዳዎቹ እሾህ የተሰበረባቸው ቦታዎች ሆነው ተገኙ፤ ፍጥረቱም ቆዳ ከሚገፉት፣ ከነትሎችና ነፍሳት ወገን ተመደበ።

እጮችስ? በስዊድን ኦርስተን በሚባሉ የኖራ ድንጋይ ድብልብሎች ውስጥ ክላውስ ሙለር በ1970ዎቹ 500 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ፣ ከ2 ሚሊሜትር የማይበልጡ የሽሪምፕ ዘመዶች እግራቸውና ፀጉራቸው ሳይጓደል አገኘ። ሬህባኪዬላ ከእነሱ አንዱ ነው። ሦስት ጥንድ እግር ብቻ ካለው እጭ ተነሥቶ በ30 ደረጃዎች አካሉን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረ ሲያድግ ይታያል። ዛሬም የብዙ ሽሪምፖች እጭ እንዲሁ በሦስት ጥንድ ይጀምራል። በ2024 በዱራም ዩኒቨርሲቲ ማርቲን ስሚዝ የመራው ቡድን ዩቲ ዩዋንሺ የተባለ 520 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ እጭ አቀረበ፤ የአንጎሉ ክፍሎች፣ የምግብ መፍጫ እጢዎቹ፣ የደም ዝውውሩ ክፍተቶች ሳይቀሩ በኤክስሬይ ይታያሉ።

እነዚህ ቅሪቶች የሚነኩት የቆየ ጭቅጭቅ አለ፦ የመጀመሪያዎቹ እንስሳት በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ እጭ ነበራቸው ወይስ ከእንቁላል ወላጃቸውን መስለው ይወጡ ነበር? ማርኩዌሊያና ኦሊቮይደስ ሁለተኛውን ይደግፋሉ። እዚህ ላይ ግን ያ ወንፊት እንደገና ይመጣል። ወላጁን መስሎ የሚወጣ ፅንስ ብዙ አስኳል ስለሚያስፈልገው እንቁላሉ ትልቅ፣ ሽፋኑ ጠንካራ ነው፤ ለፎስፌትም ይመቻል። ተንሳፋፊ እጭ የምታወጣ የባሕር ጃርት እንቁላል ግን 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ናት፤ በአሲድ ቤት ወንፊት ውስጥ ሳትያዝ ልታልፍም ትችላለች። ትልቁን ብቻ የሚይዝ መረብ ጥሎ በባሕሩ ውስጥ ትንሽ ዓሣ የለም ማለት አይቻልም።

ለዚህ መፍትሔው ሌላ መረብ መጣል ነው። በ2020 ሴባስቲያን ዊልማንና ባልደረቦቹ ዌንጋንን የመሰሉ ቅሪቶችን ከሰሜን ግሪንላንድ፣ ፖርትፌልድ ከሚባለው ንብርብር አውጥተዋል። ቦታው ከቻይና ሩቅ ነው፤ የድንጋዩ ታሪክና የመበስበሱ ሁኔታም የተለየ ነው። በዚያ የእድገት ተከታታዩ ከዌንጋን በተለየ ደረጃ የሚቋረጥ ከሆነ፣ ከሁለቱ የጎደለውን እያገጣጠሙ የፍጥረቱን ሙሉ የሕይወት ዑደት መሥራት ይቻላል። በሁለቱም ቦታ በአንድ ደረጃ ላይ ከቆመ ደግሞ ምክንያቱ መበስበስ ነው ማለት ያስቸግራል፤ የፍጥረቱ እድገት ራሱ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር ወደሚለው ሐሳብ ያደርሰናል።